የመጀመሪያው ምስል

በያንዳንዱ ካርድ ላይ፣ የመጀመሪያው ምስል፣
በአራት እግሩ የሚድህ ፍጡር ነው፤ ሰው የሚመስል፣ አውሬም የሚመስል።
እኔ ነኝ።
ካሜራዋን ከጥዱ ግንድ፣ በጉልበቴ ልክ ሳስር፣
ትነቃ እንደሁ ለማየት፣ በበረዶው ላይ እድሃለሁ፣ ጎንበስ ብዬ እንደ ነብር።
ቀይ መብራቷ ብልጭ ትላለች፣ "አየሁህ" እንደማለት፤
ጓንቴን አራግፌ እነሳለሁ፤ አርካዲ ካንቹጋ፣ የቢኪን ጫካ ጠባቂ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት።

በመጋቢት፣ የወንዙ በረዶ እግር ሳይከዳ፣
ካርዶቹን እንደ ጥድ ፍሬ በኪሴ ለቅሜ፣
ምድጃ ዳር እቀመጣለሁ፣ ጫካው ያየውን ልቀዳ።

አራት መቶ አስራ ሁለት ምስል።
ሁለት መቶው ቅርንጫፍ ነው፤ ንፋስ ነክቶት የሚወዛወዝ።
ከዚያ ከርከሮ፣ አፍንጫው ብቻ፤ አጋዘን፣ ቀንዱን የጣለ፣ ቆሞ ሲተክዝ።
ከዚያ ድብ፤ ጀርባውን በሌንሱ እያከከ፤
ፀጉሩ እዚያው ቀርቷል፤ አልጠረግሁትም፤ ፊርማውን ነው የላከ።

ከዚያ እሷ።
ባለ ሸንተረሯ ነብር፣ ግራ ጆሮዋ የተተለተለ፤
በጥቅምት ሦስት ደቦል ከኋላዋ፣ አንዱ በጅራቷ እየተንጠለጠለ።
በታኅሣሥ ሁለት።
በየካቲት አንድ፤ እሱም ዞሮ ወደ ኋላ የሚያይ፣
ወንድሞቹን የሚጠብቅ ይመስል፣ በዚያ ነጭ ዝምታ ላይ።

በእኛ ቋንቋ ነብር "አምባ" ነው። እናቴ ግን ስሟን አትጠራም፤ "ሽማግሌዋ" ትላለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤
"ዱካዋ ካጋጠመህ መንገዱን ልቀቅላት፤ አንተ አላፊ ነህ፣ ከክረምት እስከ በጋ።"

ሦስት መቶ ስልሳ ሰባተኛው ላይ እጄ ቆመ።
ሰው።
ጎንበስ ያለ፣ የሽቦ ጥቅል በትከሻው የተሸከመ።
ኮፍያውን አውቀዋለሁ፤ ባለቤቴ ናት የሰፋችው፤
አንዱ ጆሮው ከሌላው ይረዝማል፤ ለወንድሟ ለሳቬሊ፣ በልደቱ ቀን የሰጠችው።

ሳቬሊ፣ ነብር አየኝ በል!
ነብርስ ባየህ ደግ ነበር፤ እሷ ቀን አትጽፍም፣ ሰዓት አታኖርም በግርጌ፤
ያየህ ይኼ ዓይን ነው፤ እኔው ከግንድ ያሰርሁት፣ ጠበቅ አድርጌ።

የመሰረዣዋ ቁልፍ ትንሽ ናት፤ የጥድ ፍሬ ታክላለች፤
አንድ ጊዜ ቢነኳት፣ ዘመድ ታድናለች።
ዞያ ከኋላዬ ቆማለች፤ መቼ እንደመጣች አልሰማሁም።
ኮፍያውን አየችው። ሻይ ቀዳችልኝ። ምንም አላለችም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሲነጋ ምስሉን አትሜ ሄድሁ።
ሳቬሊ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው፤ ደግሞ አየው፤
"በደንብ ወጥቻለሁ" አለ። ሳቁ ግን አፉ ላይ ቀረ፣ ዓይኑን አልነካው።
"ለከርከሮ ነበር።"
"ሽቦ ማንበብ አይችልም" አልሁት፤ "ለማን እንደተዘረጋ አያውቅም።
የነብርን ጅራት አይዙም፤ አንተ ይዘሃል፤ ከያዙ ደግሞ አይለቅም።"

አስራ አንድ ወጥመድ ፈታን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላው፣ ቃል ሳንለዋወጥ።
አስራ ሁለተኛው ተበጥሷል፤
ሽቦው ላይ ፀጉር አለ፣ ብጫማ፣ ጥቂት።
ሳቬሊ ጓንቱን አውልቆ ነካው፤
ወዲያው እጁን ሰበሰበ፣ እንደ ነካ እሳት።

ምስሎቹን ልኬያለሁ። አራት መቶ አስራ ሁለቱንም፤ አንድም አልጎደለ።
እሱ ቅጣቱን ይከፍላል፤ ዞያ ሳምንት ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች፤
ይሁን፣ ይኼም አለ።

በሚያዝያ፣ በረዶው ጭቃ ሲሆን፣ ካሜራዋን እዚያው ግንድ ላይ መልሼ ሳስር፣
ጉልበቴ እምቢ አለኝ።
"ተወው" አለ ሳቬሊ፤
ኮፍያውን አውልቆ አስያዘኝ፤
ዳኸ፣ በርጥቡ ቅጠል ላይ፣ ቀስ እያለ፣ አንገቱን እንዳቀረቀረ፣ ሳይቸኩል፣ ሳያፍር።
ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች።

የአዲሱ ካርድ የመጀመሪያ ምስል እሱ ነው።
ሁለተኛውን እየጠበቅን ነው።